የሙሄ ፎቅ

ጋምቤላ መሃል ከተማ ከገበያው ማዕዘን ተነስቶ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ «ፎቁ ጋ አውርደኝ» ያለ ሰው፣ የሚወርደው ፎቅ በሌለበት ቦታ ነው። እዚያ ያለው የሙሄ ሱቅ ነው። ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ቆርቆሮ የለበሰ ተራ ቤት ሲሆን ፎቅ ያሰኘው ደረጃው ነው። ስምንት እርከን አለው። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው የበሩን መቃን ይዞ ይወጣል። አሮጊት ከሆነች ሙሄ ራሱ እጇን ይዞ ይስባታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ የምትፈልገውን ከታች ሆና ትናገርና እሱ ጎንበስ ብሎ ያቀብላታል። በዚህ የሚያፍር እንዳይመስላችሁ። ሙሄ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ፣ ልጆቹን አስተምሮ ከመዳሩ ቀጥሎ፣ የሚኮራበት ይህ ደረጃ ነበር።

ቢኮራም ምክንያት ነበረው። ከወሎ መጥቶ ሱቁን በከፈተ በሁለተኛው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ዝናብ አላባራ ብሎ ጎርፉ በበሩ ገባና ሠላሳ ኬሻ ስኳር አሟሟበት። ስኳሩ በመንገዱ ወርዶ ባሮ ገባ። ያን ሰሞን የባሮ ዓሣ ሳይጣፍጥ አልቀረም፤ ሙሄ ግን አልሳቀም። ውሃው ሲጎድል ሲሚንቶ ገዛ፣ ግንበኛ ሳይጠራ በገዛ እጁ በሩ ፊት አንድ እርከን አፈሰሰ፣ የቤቱንም ወለል አብሮ ከፍ አደረገ። ከዚያ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ምስማር አንስቶ ጫፉ ላይ «1998» ብሎ ጻፈበት። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ልጅ ሳለ መስጊድ የተማረው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ሙሄ ከፍ ሲያደርግ ወደ እሱ ይገባ የነበረው ውሃ ጎረቤቱ ፈይሰል ቤት ይገባል። በሚቀጥለው ግንቦት ፈይሰልም ሲሚንቶ ገዝቶ ከፍ ያደርጋል። ከፈይሰል ቀጥሎ ያለው ይነቃል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ወረፋው ሲዞር ውሃው ተመልሶ ሙሄን ይነካውና ሙሄ ሌላ እርከን ያፈሳል፣ ሌላ ዓመት ይጽፋል። በዚህ ዓይነት መንገዱ ላይ ሁለት ሜትር የተስተካከለ መርገጫ ጠፋ። አንዱ ደጅ ጉልበት ይደርሳል፣ አንዱ ወገብ፣ አንዱ ተንሸራታች ነው፣ አንዱ ሹል ነው። ግንቦት በመጣ ቁጥር ሁሉም የየራሱን ደጅ ያያል እንጂ ወደ ጎን የሚያይ አልነበረም። የሙሄ ሚስት ራሂማ ብቻ፣ ወለሉ ወደ ጣሪያው እየተጠጋ መሄዱን አይታ፣ ትንሽ ቆይተን በርከክ ብለን ነው የምንሸጠው እያለች ታሾፍበት ነበር።

ወደ ጎን ማየት የጀመረው ወልደሥላሴ ነው። ወልደሥላሴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ጡረተኛ መምህር ነው፤ በዚያው መንገድ ላይ ባሠራት ቤት የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣል። አንድ ቀን የቤት ባለቤቶቹን ሁሉ ደጁ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰበሰባቸውና ሐሳቡን ነገራቸው። መንገዱ ላይ ሃያ ሦስት ባለንብረት አለ። እያንዳንዱ እንደ ደጁ ስፋት ያዋጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቅዷል፣ ፕላኑንም ሰጥቷል። ከገበያው ማዕዘን እስከ ታችኛው ጫፍ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል፣ በኮንክሪት ይከደናል፣ ክዳኑ ላይ ሰው የሚሄድበት ንጣፍ ይነጠፋል፣ የሶላር መብራት ይተከላል፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አትክልትና ዓሣ ለሚሸጡት ሴቶችም ጥላ ያለው ቦታ ይወጣላቸዋል። ሰዉ መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ሙሄ ብድግ አለና፣ ደጁ ከሁሉ ሰፊ በመሆኑ ድርሻውም ከሁሉ የበዛ መሆኑን ከነገራቸው በኋላ፣ ቀድሞ የሚከፍለው እሱ መሆኑን አስታወቀ። ከፈለም። በዚያ ሳምንት መንገዱ ላይ እንደ እሱ ደረቱን ነፍቶ የሄደ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ጥር ላይ፣ ጩዎል የሚባለው ግንበኛ ውሃ የሞላ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ይዞ ልኬት ሲጀምር ነው። ጩዎል የላስቲኩን አንድ ጫፍ ለረዳቱ አስይዞ፣ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል የቆመበትን እያየ፣ እንደ ቁልቁለቱ ዝቅ እያለ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በኖራ ምልክት እያደረገ ወረደ። አዲሱ ደጅ የሁሉም በዚያ ምልክት ልክ ይሆናል። ሙሄ ዘንድ ሲደርስ ምልክቱ ያረፈው ከታች አንደኛዋ እርከን ላይ፣ 1998 ከሚለው አጠገብ ሆነ።

ሙሄ ምልክቱን አየና ላስቲኩ ተበስቷል አለ። ጩዎል ላስቲኩ አለመበሳቱን በትሕትና ነገረው። ሙሄ እንደገና ይለካ አለ። ተለካ። ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ከአንደኛዋ እርከን በላይ ያለው ሰባቱም ይፈርሳል፣ ወለሉም አብሮ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ በፕላኑ መሠረት ድሮ በዚያ መንገድ ቦይ ነበረ፣ የሙሄም ደረጃ በላዩ ላይ ነው የተኮፈሰው። አዲሱ ቦይ በዚያው መስመር ካልሄደ ውሃው አይወርድም።

ሙሄ እምቢ አለ። ገንዘቤን ውሰዱ፣ ንጣፉንም መብራቱንም ሥሩ፣ ደረጃዬን ግን አትንኩ አለ። ቦዩ ቢደፈን፣ ቢሰነጠቅ፣ ሥራው ቢበላሽ፣ የሌላው ቤት ጨርቅና ላፒስ ነው የሚረጥበው፤ የእሱ ስኳርና ዱቄት ነው፤ አንዴ ውሃ ከነካው ጨው እንኳ አይሆንም። ሃያ ዓመት ያቆመውን ነገር በአንድ የኖራ ጭረት ሊያስረክብ አልፈለገም። የባሰው ነገር ደግሞ ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ መተያየታቸው ነበር። የእነሱም ደጅ ይፈርሳል፤ ሁሉም ግን ሙሄ ካፈረሰ እናፈርሳለን፣ ካላፈረሰ አናፈርስም አሉ። ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ አለፈ። ዝናቡ ደግሞ ኮሚቴ አይጠብቅም፤ ቦዩ እስከ ግንቦት ካላለቀ የተቆፈረው ሁሉ ተደርምሶ የዘንድሮው ጎርፍ ካምናው ይብሳል። ወልደሥላሴ መጥቶ ለመነው። ራሂማ ተቆጣችው። እሱ የራሱን ዘዴ ሲያውጠነጥን ነበር።

ዘዴው ይህ ነው። ቦዩ የእሱ ደጅ ጋ ሲደርስ መንገዱን አቋርጦ ወደ ማዶ ይሻገር፣ በማዶ በኩል ይውረድና ታች ጫፉ ላይ ይመለስ። የሚመለሰው በመንገዱ የመጨረሻ ቤት ጎን ስለሆነ የዚያች ቤት ባለቤት መፈረም አለባት። ሙሄ ለዚህ ወረቀት አስጻፈና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የመጨረሻዋ ቤት የኛጆክ ናት። ኛጆክ ባሏ ነርስ ነበር፤ ሲሞት ቤቷንና ሁለት የስፌት መኪና ትቶላት ሄደ። እሷም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስት ልጅ አሳደገችበት። ደጇ ጠባብ ነው፣ ከመንገዱም ዝቅ ይላል። ለማዋጣት ከከፈሉት ሦስተኛዋ ግን እሷ ነበረች። ከሙሄ ሱቅ እስከ እሷ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሙሄ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ደጇን አልፎ ገብቶ አያውቅም። የልጆቹን ዩኒፎርም እንኳ ያሰፋችው ራሂማ ናት።

ኛጆክ አማርኛ የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለሹሙም ለተላላኪውም አንተ ነው። ሙሄን ስታይ መኪናዋን አቆመች፣ በርጩማ ሰጠችው፣ ውሃ በብርጭቆ ቀዳችለት። እሱ ውሃውን እየጠጣ ንግግሩን ከየት እንደሚጀምር ሲያስብ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ነጭ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ካንዱ በላይ፣ እያንዳንዱ አጠገቡ ቁጥር የተጻፈበት። ፈገግ አለ። እሱም ቤት የበር መቃን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ።

«ልጆችሽን የለካሽበት ነው እህቴ?»

«ልጅ አይደለም» አለች ኛጆክ። «ውሃ ነው።»

ሙሄ ተነስቶ ቀረብ አለ። ታችኛው መስመር ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ 1998 ይላል። ቀጥሎ 2000፣ ቀጥሎ 2002። 2005 ጉልበት ጋ ደርሷል። 2009። ከዚያ በአንዴ ዘሎ፣ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጋ ሲቃረብ፣ 2012። ከሁሉ በላይ 2015። ሙሄ እነዚህን ቁጥሮች ማንም ሳያነብለት በቃሉ ያውቃቸዋል። በምስማር የጻፋቸው እሱ ነው።

መጀመሪያ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ናቸው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ግን የጋምቤላን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ነው። 2007 ሰማዩ የተቀደደበት ዓመት ነበር፤ ያን ግንቦት ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ማንም ምንም አላፈሰሰም፤ ግድግዳው ላይ 2007 የተጻፈው እዚያው ከ2005 ጎን፣ በዚያው መስመር ላይ ነው። 2012 ደግሞ ዝናቡ ደካማ ነበር። ያን ዓመት እሱ ሲሚንቶ በርካሽ አግኝቶ ሁለት እርከን ባንዴ አፍስሷል። ያን ጊዜ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አስታወሰ። ለራሂማ ሥጋ ገዝቶ ነበር የገባው።

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ለምን አልነገርሽኝም ሊላት ፈልጎ ተወው። «ታውቂ ነበር?» አላት።

ኛጆክ የያዘችውን ሰማያዊ ጨርቅ ጭኗ ላይ አጠፈች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የአየር ሁኔታ የምትናገር ነበር የምትመስለው። «ሙሄ ሲሚንቶ ገዛ ሲሉኝ» አለች፣ «እኔ ጨርቄን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣለሁ።» ቀጠለችም። «ደጅህ ነው። ሰው ደጁን ቢሠራ እኔ ምን እላለሁ? አሁን ሁሉም አብሮ ይሠራል ሲሉ ግን ደስ አለኝ። ቶሎ ከፈልኩ።»

ለምን እንደመጣ ጠየቀችው። ሙሄ ደረት ኪሱን በእጁ ሸፍኖ፣ ለሰላምታ ነው አላት። ያችን ሁለት መቶ እርምጃ ሽቅብ ሲመለስ እንደዚያን ቀን የረዘመችበት ጊዜ አልነበረም። አፈረ። በዚያ ዕድሜው፣ ሰው ሁሉ ሰላም እያለው፣ አንገቱን ደፍቶ ሱቁ ገባ፤ ወረቀቱንም ለራሂማ ሰጥቶ ቅመም መጠቅለያ አድርጊው አላት።

በማግስቱ ጠዋት ገበያው ሳይሞላ ሙሄ መዶሻና መሮ ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። ጩዎልን አስጠራ፣ ግን የመጀመሪያውን ምት እኔ ነኝ የምመታው አለው። ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ እስኪመስል ድምፁ መንገዱን ሞላው። ፈይሰል የጥርስ መፋቂያውን እንደያዘ ወጣ። ወልደሥላሴ ነጠላውን እያጣፋ መጣ። የአትክልት ሻጮቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። 2015 ተሰነጠቀ፣ ከሥሩ 2012 ብቅ አለ። ሙሄ ላቡን ጠረገና ወደ ሰዉ ዞረ። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ለሥራው ሲል አፈረሰ ብለው ያመሰግኑትም ነበር። እሱ ግን መናገር ነበረበት።

«ይህን የምታዩትን ቁጥር ሁሉ ኛጆክ ግድግዳ ላይ ሄዳችሁ እዩት» አለ። «እኔ ከፍ ባልኩ ቁጥር እሷ ናት የሰጠመችው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁላችንም ነን። የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ፈይሰል መፋቂያውን ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ ሲመለስ መጥረቢያ ይዞ ነበር፤ ሲሚንቶ በመጥረቢያ እንደማይፈርስ ጩዎል እስኪነግረው ድረስ የራሱን ደጅ ሲከትፍ ቆየ። እኩለ ቀን ላይ በመንገዱ ላይ የማይመታ ደጅ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰው አንድ ሁለት እያለ ወደ ታችኛው ጫፍ ወረደ። ኛጆክ ይህ ሁሉ ባለሱቅ ቤቷ ገብቶ ግድግዳዋን አፍጥጦ ሲያይ ግራ ገብቷት፣ ዩኒፎርም የሚያሰፋ መስሏት ሜትሯን አንስታ ነበር።

የሙሄ የመጨረሻው እርከን ሲነሳ ከሥሩ የድሮው ቦይ ተገኘ። ከድንጋይ የተሠራ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ የሲሚንቶ ስብርባሪና የጎማ ጫማ ታጭቆበት የቆየ ቦይ። ጩዎል ሲያጸዳው ጎኑን መታ መታ አደረገና ይህን የሠራ ሰው ሥራ ያውቅ ነበር አለ። ሙሄ ስኳሩ የሄደበት ቀን ትዝ አለው። ያን ጊዜ ይህችን ቦይ በእጁ ቢጠርጋት ኖሮ በቂ ነበር።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። ሙሄ ሱቁን ለሦስት ሳምንት ዘግቶ ወለሉን ዝቅ አደረገ፤ ራሂማ ሱቁ ስትገባ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየችና ቤቱ ረዝሞልኛል አለች። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ሙሄ ከገበያው ማዕዘን እስከ ኛጆክ ደጅ በእግሩ ይወርዳል፣ ክዳኑን ይረግጣል፣ መጋጠሚያውን በጣቱ ይዳስሳል፣ ጩዎልን ያሰለቻል። ንጣፉ ሲያልቅ መንገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ተዘረጋ። አሮጊቶች መቃን ሳይዙ ሱቅ ገቡ። በዊልቸር የሚሄድ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በሦስተኛው ሻይ ሊጠጣ ቆመ። የዓሣ ሻጮቹ ጥላቸው ሥር ተደላድለው ተቀመጡ። ከኒውላንድ ሰፈር የመጡ የቤት ባለቤቶች ደግሞ ወልደሥላሴን እንዴት እንዳደረጋችሁት አስረዱን ብለው ሲጠይቁት፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ እንዳገኘ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው። ሙሄ አጠገቡ ቆሞ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። ኩራቱ እንደ ድሮው ደረቱ ላይ ነበረ፤ ልዩነቱ አሁን የሚያሳያቸው የራሱን ደጅ ሳይሆን ከዚያ እስከዚያ ያለውን ሁሉ መሆኑ ነው።

ግን ዝናብ ገና አልመጣም ነበር።

የመጣው በግንቦት መጨረሻ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ንፋስ የኒሙን ቅጠል አራገፈ፣ ከዚያ ባንዴ ወረደ። ራሂማ ስኳሩን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ልታወጣ ብድግ ስትል ሙሄ አጠገቧ አልነበረም። ጃንጥላ ሳይዝ ወጥቶ ቁልቁል እየሮጠ ነበር። ከእግሩ ሥር፣ ከክዳኑ በታች፣ ውሃው እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ አብሮት ይወርዳል። የገዛ ደጁን ዞሮ አላየም። ፈይሰል ከበሩ ላይ ሆኖ ምን ሆነ ብሎ ጠራው። ሳይቆም አለፈው።

ኛጆክ ደጅ ሲደርስ ቆመ። በሩ ክፍት ነው። መኪናው ይሰማል። ኛጆክ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እየሰፋች ነው፤ ሰማያዊው ጨርቅ ተንዘርፎ ጫፉ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ወለሉ ደረቅ ነው። ሙሄ ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ እንዳያረጥባት ወደ ውስጥ አልገባም፤ ውጭ ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ አየ፣ እንደገና አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ደግነቱ በዚያ ዝናብ ማንም አይለየውም።

ኛጆክ ዘወር ስትል አየችውና ግባ አለችው። ወለሉን አበላሽብሻለሁ አላት። ዘንድሮ ይህችን ያህል ውሃ እችላለሁ አለች፣ ሳቀችም። የሙሄ እርጥብ ጫማ የመጀመሪያውን ዱካ ወለሉ ላይ አተመ።

ከከሰል ካውያዋ ውስጥ የጠፋች ከሰል አውጥታ ሰጠችው።

«ዘንድሮን ጻፍልኝ» አለች። «ጽሕፈትህ ቆንጆ ነው ይላሉ።»

ሙሄ እጁን በሱሪው ጠረገና ግድግዳው ሥር ተንበረከከ። ቀስ ብሎ፣ በምስማር ሲጽፍ እንደነበረው አድርጎ፣ «2017» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከሰሉን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«መስመሩስ የት ጋ ይሁን?»

«የምን መስመር?» አለች ኛጆክ፣ ወደ መኪናዋ ዞራ መርገጫውን መርገጥ ጀመረች።